በጠረጴዛው ላይ የተገኘችው ሣጥን

የልጅ ልጄ ባለፈው ቅዳሜ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። ክረምቱን አርባ ምንጭ ከእኔ ጋር ከርሞ ሲሄድ አንድ መጽሐፍ ትቶልኝ ሄደ። ጀርባው ተላቆ በልብስ መስፊያ ክር የሰፋሁት፣ ገጹ ላይ የቡና ጠብታ ያረፈበት አሮጌ መጽሐፍ ነው። ዛሬ የማወጋችሁ ስለ እሱ ነው። በዚህ ዓምድ የምንጨዋወተው ስለ ቤተሰብ ጤና መሆኑን አልዘነጋሁም። ጥቂት ታገሡኝ እንጂ መጽሐፉ ራሱ ወደ ጤናው ይወስደናል፤ እኔንም አንድ ማታ እጄን ይዞ ወስዶኛል።

የተወለድኩት ጨንቻ ነው። ጨንቻን ያየ ያውቀዋል፤ ደጋ ነው፣ ብርድና ጉም ነው፣ ቀርከሃና እንሰት ነው። የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ ሲወርድ የመንግሥት ሠራተኛውም፣ ነጋዴውም፣ ሸማኔውም እየተከተለ ወረደ። የእኛም ቤተሰብ ከወረዱት አንዱ ነበር። በመንገድ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለአያቴ ግን ወደ ሌላ ዓለም የመሄድ ያህል ነበር። «ገበያችሁን ጨርሳችሁ ፀሐይ ሳትጠልቅ ውጡ፤ ቆላ አትደሩ» ትለን ነበር። የምትፈራው ንዳድን ነው። ንዳድ ከቆላው አየር የሚመጣ ይመስላት ነበር።

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ የሳይንስ አስተማሪያችን ህንዳዊ ነበሩ። በዚያ ዘመን በየአውራጃው ትምህርት ቤት ህንዳውያን መምህራን ይገኙ ነበር። የእኚህ መምህር ቁም ሣጥን በቀላል እንግሊዝኛ ለተማሪ የተዘጋጁ መጻሕፍት የሞሉበት ነው። ዓርብ ዓርብ አንድ አንድ ያውሱናል፤ ሰኞ እንመልሳለን። አንድ ዓርብ «ምሥጢራዊው ደሴት» የሚባለውን ሰጡኝና ፈገግ ብለው «መጨረሻው ላይ የአገሬን ሰው ታገኚዋለሽ» አሉኝ። ቅዳሜን በኩራዝ፣ እሑድን በፀሐይ አነበብኩት። ሰኞ ስመልስ «አንድ ሳምንት ይጨመርልኝ» ብዬ ለመንኩ።

ደራሲው ፈረንሳዊው ጁል ቬርን ነው። በ1828 እ.ኤ.አ. ተወልዶ በ1905 ሞተ። «ድንቅ ጉዞዎች» በሚል የጋራ ስም ከሃምሳ በላይ ልብ ወለዶች ጽፏል። አሳታሚው ኤትዜል ብዙዎቹን መጀመሪያ ያወጣቸው ወላጅና ልጅ አብረው እንዲያነቧቸው በተቋቋመ የቤተሰብ መጽሔት ላይ ነበር፤ ከእትም እስከ እትም ቤተሰቡ ተሰብስቦ «ከዚያስ?» እያለ ይጠብቅ ነበር ማለት ነው። ከእነዚህ መካከል ሦስቱ የተያያዙ ናቸው። መጀመሪያ «የካፒቴን ግራንት ልጆች»፣ ከዚያ በ1870 «ሃያ ሺህ ሊግ ከባሕር በታች»፣ በመጨረሻ በ1875 «ምሥጢራዊው ደሴት»። እኔ የጀመርኩት ከመጨረሻው ነው። አንባቢ ልጅ የሚጀምረው ከተገኘው ነውና።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በ1865 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ አምስት ሰዎች ከአንድ ውሻ ጋር ከተከበበችው የሪችመንድ ከተማ በባሉን ያመልጣሉ። ማዕበል ወስዶ ሰው በሌለበት ደሴት ላይ ይጥላቸዋል። መሐንዲሱ ሳይረስ ስሚዝ፣ ጋዜጠኛው ስፒሌት፣ መርከበኛው ፔንክሮፍት፣ ዐሥራ አምስት ዓመት የሆነው ኸርበርት፣ ከባርነት ነፃ የወጣው ናብ ናቸው። እጃቸው ላይ ምንም የለም። እሳት ለማንደድ መሐንዲሱ ሁለት የሰዓት መስታወቶች ገጥሞ በመካከላቸው ውኃ ይሞላና የፀሐይ ብርሃን ሰብስቦ ደረቅ ሣር ያቃጥላል። ከዚያ ጡብ ይሠራሉ፣ ሸክላ ይተኩሳሉ፣ ብረት ያቀልጣሉ።

በልጅነቴ ልቤን የወሰደው ይህ ነበር። በጭንቅላት ውስጥ ያለ ዕውቀት ከሁሉ የሚበልጥ ስንቅ መሆኑን ያየሁት እዚያ ነው። የአባቴን የእጅ ሰዓት መስታወት ልፈታ ስሞክር ተይዤ የቀመስኩት ኩርኩምም አብሮ ይታወሰኛል።

ከዚያ ወዲህ ከሃምሳ ዓመት በላይ አለፈ። ነርስ ሆንኩ፣ ልጆች ወለድኩ፣ ጡረታ ወጣሁ። መጽሐፉን ዳግመኛ አላየሁትም። ዘንድሮ ሴት ልጄ አዲስ አበባ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ዘንድ ሙሉውን የእንግሊዝኛ ትርጉም አገኘችና ልጇን ስትልክልኝ አብራ ላከችው። «እማዬ፣ ያ ሁልጊዜ የምትነግሪን ይኸው» አለችኝ።

የልጅ ልጄ ዐሥራ አንድ ዓመቱ ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት ከስልኩ ጋር አሳለፈው። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ማታ መብራት ጠፋ፤ የስልኩም ባትሪ አለቀ። «እማማ፣ ምን እናድርግ?» ሲለኝ ሻማ ለኮስኩና መጽሐፉን አወጣሁ። እንግሊዝኛውን እያየሁ በአማርኛ አነበብኩለት። ከዚያ ማታ በኋላ መብራት ቢኖርም የንባቡ ሰዓት አልቀረም።

ስልኩም ቢሆን ሥራ አገኘ። ኸርበርት ከኮቱ ገበር ውስጥ አንዲት የስንዴ ፍሬ ያገኛል። አንዲት ብቻ። ሌሎቹ ሲስቁ መሐንዲሱ ያሰላል፤ አንዷ ፍሬ ዐሥር ዛላ ብታወጣ፣ ዛላው ሰማንያ ፍሬ ቢይዝ፣ የመጀመሪያው ምርት 800 ይሆናል። እሱ ሲዘራ ሁለተኛው 640,000። የልጅ ልጄ ስልኩን አንስቶ ማባዛት ጀመረ። ሦስተኛው 512 ሚሊዮን። አራተኛው ላይ ቁጥሩ ከስልኩ መስታወት ወጣ። «እማማ! ከአንድ ፍሬ!» እያለ ጮኸ። ጎረቤታችን ደንግጣ በአጥር በኩል «ምን ሆናችሁ?» አለች።

ልጁ እኔ በልጅነቴ ያላየሁትንም አየ። አንድ ማታ «ለምንድን ነው ሁልጊዜ የሚያበስለው ናብ?» አለኝ። ገልጬ ገልጬ አየሁት፤ እውነቱን ነው። ናብ ነፃ የወጣ ሰው ነው፤ ሆኖም የቀድሞ ጌታውን አሁንም ጌታዬ ይላል፤ ወጥ ቤቱም የእሱ ነው። ይባስ ብሎ ደራሲው ኦራንጉታን አምጥቶ የወጥ ቤት ረዳቱ ያደርግለታል። በስምንተኛ ክፍል ሳነበው በዝንጀሮው ስቄ አልፌ ነበር። አሁን በልጅ ልጄ ፊት ስገልጠው ፊቴ ጋለ። ቬርን በ1863 ባወጣው በመጀመሪያው ልብ ወለዱ፣ በባሉን አፍሪካን ስለሚያቋርጡት ሰዎች በሚተርከው፣ ከዚህ የከፋ አለ፤ የዝንጀሮ መንጋንና የአገሬውን ሰው ከሩቅ የሚያምታታ ቀልድ ገብቶበታል።

ታዲያ መጽሐፉን ልሸሽገው? አልሸሸግሁትም። «የጻፈው ሰው በዚያ ዘመን እንዲህ ያስብ ነበር፤ ብዙ የሚያውቅ ሰውም ይሳሳታል» አልኩት። ልጁ ትንሽ አሰበና «እኛም ቤት ሁልጊዜ የምታበስለው አንድ ሰው ናት እኮ» አለኝ፤ አዲስ አበባ ያለችውን የቤት ሠራተኛቸውን ማለቱ ነው። መልስ አልነበረኝም። ለእናቱ ግን ነግሬያታለሁ።

ወደ ጤናው የወሰደን ምዕራፍ ከዚህ በኋላ ነው።

ነሐሴ ውስጥ፣ ኸርበርት በወንበዴዎች ጥይት ደረቱን ቆስሎ ከተኛበት ምዕራፍ ላይ ደርሰን ነበር። የዚያን ምሽት የልጅ ልጄ እራቱን ሳይነካ ተወው። «ራሴን ያመኛል» አለ። በቴርሞሜትር ለካሁት፤ 38.4 ነበር። ቀኑን ፀሐይ ላይ ሲሯሯጥ ውሏል። «ፀሐይና ጉንፋን ነው» አልኩ ለራሴ። የፓራሲታሞል ሽሮፕ ሰጠሁት። አላበው፣ ትኩሳቱ ወረደ፣ ተኛ። ጠዋት ተነስቶ ፍርፍር በላ፤ ከጎረቤት ልጆች ጋር ኳስ ተጫወተ። እናቱ ስትደውል «ትንሽ ጉንፋን ቢጤ ነበር፤ አልፎለታል» አልኳት። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ በሥራ ዘመኔ «በወባ አገር ትኩሳት ሁሉ እስኪመረመር ድረስ ወባ ነው» እያልኩ እናቶችን ስቆጣ የኖርኩ ሰው።

በማግስቱ ማታ ቀጣዩን ምዕራፍ ከፈትን። ኸርበርት ቁስሉ እየሻረለት ሳለ በሌላ ሕመም ይያዛል፤ የሚመጣና የሚሄድ ብርቱ ትኩሳት። የሚያድነው ኩዊኒን ነው፤ እነሱ ግን የላቸውም። ዛሬ ማንኛውንም እንክብል «ኪኒን» የምንለው ከዚሁ መድኃኒት ስም ወስደን ነው። ኩዊኒን ሲያጡ መሐንዲሱ የአኻያ ዛፍ ቅርፊት አስልጦ፣ አስፈጭቶ ለልጁ ይሰጠዋል።

«አኻያ የቱ ነው?» አለኝ የልጅ ልጄ።

«ወንዝ ዳር የሚበቅለው፤ ቅርንጫፉ ለጥርስ መፋቂያ የሚቆረጠው» አልኩት። ከዚያ እንደ ልማዴ ላስረዳው ጀመርኩ። የአኻያ ቅርፊት ውስጥ ያለው ነገር የአስፕሪን ዘመድ ነው፤ ትኩሳት ያበርዳል፤ በሽተኛው የዳነ ይመስላል፤ ወባውን ግን አይነካውም፤ ልል አፌን ስከፍት ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። እኔስ ትናንት ማታ የሰጠሁት ምን ነበር?

ልጁ ክንዴ ላይ ተደግፎ ነበር። ግንባሩን ነካሁት። ይፋጃል። ጣቶቹ ግን ቀዝቅዘው ይንቀጠቀጣሉ። መጽሐፉን ዘጋሁት።

«ከዚያስ እማማ? ይሞታል?»

«ተነስ፤ ጫማህን አድርግ» አልኩት።

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ነበር። ባጃጅ ጠርተን ጤና ጣቢያ ደረስን። ተረኛዋ ወጣት ነርስ ጣቱን ወግታ ደሙን በፈጣን መመርመሪያው ላይ አንጠባጠበች። ውጤቱን ስንጠብቅ «ሲስተር፣ ትኩሳቱ ከጀመረው ስንት ጊዜ ሆነው?» አለችኝ። ሙያዬን ታውቃለች። «ከትናንት ማታ» አልኩ። ቀና ብላ አላየችኝም፤ ጻፈችው። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ፋልሲፓረም ነበር፤ ከወባ ዓይነቶች ቶሎ የሚገድለው። ኮአርተሙን በክብደቱ ልክ ሰጠችው። ወዲያው አስመለሰው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ያስመለሰ ልጅ መድኃኒቱ ይደገምለታል፤ ደገመችለት፤ ከጎናችን ሆና እስኪረጋለት ጠበቀች። ሌሊት ወደ ቤት ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ ጭኔ ላይ ተኝቶ «ኸርበርትን ግን ማንም አልመረመረውም አይደል?» አለኝ። «በዚያን ጊዜ መመርመሪያው አልነበረም» አልኩት።

ቤት ገብቼ ሳስተኛው ሌላውን ጥፋቴን አየሁት። እሱ የሚተኛበት አልጋ ላይ አጎበር የለም። የእኔ አልጋ ላይ አለ። ለእንግዳ ብዬ ያስቀመጥኩት ሁለተኛው አጎበር እስከነ ማሸጊያው ቁም ሣጥኔ ውስጥ ተቀምጧል። ሳምንታት ሙሉ በአጠገቡ ሳልፍ ኖሬያለሁ። በዚያ ሌሊት በባትሪ ብርሃን፣ ወንበር ላይ ቆሜ ሰቀልኩት።

መድኃኒቱ ለሦስት ቀን ስድስት ጊዜ ነው የሚዋጠው፤ ከወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲሆን በደንብ ይሠራል። በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቀው፤ ደህና ነኝ ብሎ መድኃኒቱን ሊተው ፈለገ፤ አልተውኩትም። በሦስተኛው ቀን ማታ የመጨረሻውን ከዋጠ በኋላ «አሁን የኸርበርትን ጨርሺልኝ» አለኝ።

ጨረስኩለት። በመጽሐፉ ውስጥ የትኩሳቱ ሁለተኛ ዙር አልፏል፤ ሦስተኛው ከመጣ ልጁ እንደማይተርፍ ሁሉም ያውቃሉ። በዚያ ጭንቅ ሌሊት ውሻው ይጮኻል። ጎሕ ሲቀድ ከአልጋው አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ አንዲት ትንሽ ሣጥን ተቀምጣ ያገኛሉ። በውስጧ ነጭ ዱቄት አለ። ኩዊኒን ነው። ደሴቲቱ ላይ ከእነሱ በቀር ሰው የለም፤ በሩም ዝግ ነው። ኸርበርት ይድናል።

«ማን አስቀመጠው?» አለኝ ልጁ። በስምንተኛ ክፍል ሳለሁ እዚህ ቦታ ላይ መልአክ ነው ብዬ ነበር። ስለዚህ አልነገርኩትም፤ «ወደፊት ታገኘዋለህ» አልኩት። ሌሊቱን ግን እኔ ራሴ ስለዚያች ሣጥን ሳስብ አደርኩ።

ኩዊኒን ከሲንኮና ዛፍ ቅርፊት የሚወጣ ነው፤ ዛፉ የደቡብ አሜሪካ ተራሮች ዛፍ ነው። በ1820 እ.ኤ.አ. ሁለት ፈረንሳውያን የመድኃኒት ቀማሚዎች ዱቄቱን ከቅርፊቱ ለይተው አወጡት። ቬርን ስለ ሣጥኗ ሲጽፍ ግን ወባ ከምን እንደሚመጣ ያወቀ ሐኪም ገና አልነበረም፤ እንደ እኔ አያት ከረግረግ አየር ነው ይሉ ነበር። ላቬራን የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም የወባውን ተሕዋስ በሰው ደም ውስጥ ያየው መጽሐፉ ከወጣ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1880 አልጄሪያ ውስጥ ነው። ሮናልድ ሮስ ተሕዋሱን በትንኝ ሆድ ውስጥ ያገኘው በ1897 ህንድ ውስጥ ነው። አያቴ ምክንያቱን ብትስትም ምክሯን አልሳተችም፤ ያቺ ትንኝ የምትነድፈው ሲመሽ ነውና ከመምሸቱ በፊት ደጋ የወጣ ሰው ይድን ነበር።

በእኔ የሥራ ዘመን ክሎሮኪን ለፋልሲፓረም መሥራት ሲያቅተው ፋንሲዳር መጣ፤ እሱም ሲያቅተው በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ ኮአርተም መጣ። በኮአርተም ውስጥ ያለው ዋነኛው መድኃኒት የመነጨው ቻይናዊቷ ተመራማሪ ቱ ዩዩ ከአንድ የቅጠል ዓይነት በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ካገኘችው ነገር ነው፤ በ2015 የኖቤል ሽልማት አግኝታበታለች። እንግዲህ የልጅ ልጄ የዋጣት ኪኒን በስንት አገር እጅ አልፋ ነው አርባ ምንጭ የደረሰችው!

የሀገራችንም እጅ አለበት። የወባ ማጥፊያ ሠራተኞች፣ ድርጅቱ በ1951 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ፣ መርጫውን ተሸክመው በእግር ያልገቡበት ቆላ የለም። በልጅነቴ ዲዲቲ ሊረጩ ሲመጡ ዕቃ አውጥተን ደጅ እንደምንቆልል አስታውሳለሁ። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች መመርመሪያውንና መድኃኒቱን ይዘው እስከ ጤና ኬላ ወርደዋል። እኔም በወጣትነቴ መድኃኒት በበቅሎ ጭኜ ከደጋ ቀበሌ ደጋ ቀበሌ ሄጃለሁ። በልጅነቴ በመጽሐፉ ውስጥ ያደነቅሁት መሐንዲሱን ነበር። አሁን ሳነበው ዓይኔ የሚያርፈው ሌሊት መጥቶ ሣጥኗን አስቀምጦ በሄደው ሰው ላይ ነው።

ሰውየው ማን እንደሆነ መጽሐፉ ሊያልቅ ሲል ይገለጣል። ካፒቴን ኔሞ ነው፤ በደሴቲቱ ሥር በዋሻ ውስጥ፣ ናውቲለስ በምትባል በውኃ ውስጥ በምትሄድ መርከቡ ተሸሽጎ ያረጀ ሰው። እውነተኛ ስሙ ልዑል ዳካር ነው፤ በ1857 እ.ኤ.አ. ህንድ በእንግሊዝ ላይ በተነሣችበት ጊዜ ተዋግቶ ቤተሰቡን ያጣ ህንዳዊ። ቬርን መጀመሪያ ፖላንዳዊ ሊያደርገው አስቦ አሳታሚው እንዳልተስማማለት ይታወቃል። እንዲያ ቢሆን ኖሮ መምህሬ ያንን ፈገግታ አያገኙትም ነበር።

የልጅ ልጄ «ያ መርከብ ወደ እኛ መጥቶ ያውቃል?» ብሎ ጠየቀኝ። በሁለተኛው መጽሐፍ ናውቲለስ በባብ ኤል መንደብ ገብታ ቀይ ባሕርን ታቋርጣለች። ደራሲው ወሩን ጽፎታል፤ የካቲት 1868 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያው ወር የእንግሊዝ ጦር ዙላ ላይ ከመርከብ እየወረደ ወደ መቅደላ ይጓዝ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ያረፉት ከሁለት ወር በኋላ ነው። ይህን ስነግረው ልጁ ዝም አለ። ቆይቶ «ታዲያ ኔሞ እንግሊዝን ይጠላ የለ፤ ለምን አልረዳንም?» አለኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ያመጣልኝን መጽሐፍ እንዴት አድርጌ አላመሰግነው!

እንግዲህ ለወላጆችና ለእኔ ቢጤ አያቶች የምለው ይህን ነው። በልጅነታችሁ የወደዳችሁትን መጽሐፍ ፈልጋችሁ አግኙት። ለልጁ ከመስጠታችሁ በፊት ግን እናንተ ደግማችሁ አንብቡት፤ ያኔ ያላያችሁት ይኖራል። ከዚያ አብራችሁ አንብቡ። ልጅ ክንዳችሁ ላይ ተደግፎ ሲያዳምጥ ግንባሩ ሲሞቅ ታውቁታላችሁ፤ ስልክ ይዞ ጓዳ ውስጥ ቢሆን ኖሮ እኔ እስከ ንጋት አላውቅም ነበር።

የጤናውን ነገር ደግሞ በግልጽ ልንገራችሁ። ልጃችሁን ከደጋ ወይም ከአዲስ አበባ ወደ ቆላ ስትልኩ፣ ደጋ ያደገ ልጅ ወባን የመቋቋም አቅም እንደሌለው አትርሱ። አጎበር የሚገባው ልጁ የሚተኛበት አልጋ ላይ ነው፤ በመጀመሪያው ማታ። ትኩሳት ከጀመረው ቀንና ሌሊት ሳይሞላ አስመርምሩት። ፓራሲታሞል ስጡት፤ ነገር ግን ትኩሳቱ ወረደ ብላችሁ ምርመራውን አትተዉት። ፌጦና ነጭ ሽንኩርትም ቢሆን በምርመራና በመድኃኒት ፋንታ አይሆንም። ልጁ ካንቀጠቀጠው፣ ራሱን ከሳተ፣ የዋጠውን ሁሉ ካስመለሰ፣ መጠጣት ካቃተው ወይም ሽንቱ ከጠቆረ ሰዓት አትቁጠሩ፤ ሩጡ። መድኃኒቱን ቢሻለውም ይጨርስ። ደግሞ ወባ ከተነደፉ ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ አንዳንዴም ዘግይቶ ስለሚታይ፣ ልጁ ወደ አዲስ አበባ ከተመለሰ በኋላ ቢያተኩሰው ለሐኪሙ «ቆላ ከርሞ ነው የመጣው» ብላችሁ ንገሩት። ሐኪሙ ካልተነገረው ላያስበው ይችላል።

ከትናንት ወዲያ የልጅ ልጄ ደወለልኝ። «እማማ፣ ያ ውኃ ውስጥ የሚሄደውን፣ ሁለተኛውን መጽሐፍ ፈልጊልኝ፤ ለጥር እረፍት እመጣለሁ» አለኝ።

«እፈልግልሃለሁ» አልኩት። «ትኩሳት የለህም?»

«የለኝም! ዛሬ ብቻ ሁለቴ ጠየቅሽኝ እኮ።»

«ምግብስ ትበላለህ?»

«እበላለሁ። አጎበሩ ግን እንደተሰቀለ ነው አይደል?»

እንደተሰቀለ ነው አልኩት።